በልጄ ስም የሰጠሁት ደም

ልጄ ሲሲኒዮ በመንደራችን አሳማ የሚያርድ ሰው ነው። የታኅሣሥ ብርድ ሲገባ ከየቤቱ ይጠሩታል። ቢላዎቹን በጨርቅ ጠቅልሎ ይሄዳል፤ መቶ ሃምሳ ኪሎ የሚመዝን እንስሳ በጉልበቶቹ መሐል አጣብቆ ይይዛል፤ ደሙን በባልዲ ይቀበላል። ይህን ሁሉ የሚሠራው እያፏጨ ነው። ቤት ሲገባ ጉበኑ እንዳይመታው አንገቱን ደፋ ያደርጋል። እንግዲህ የትንኝ አፍ የምታህል መርፌ ሲያይ የሚወድቀው ይኸው ሰው ነው።

ይህን የምናውቀው ሦስት ሰዎች ነበርን፦ እኔ፣ እህቱ ግሬካ፣ እና የመንደሩ ነርስ የሆነችው የአጎቴ ልጅ ኒኮሎዛ። ለሌላ ሰው ተንፍሰን አናውቅም። እዚህ ሳርዲኒያ፣ ያውም በእኛ ተራራ ላይ፣ ሰው አንዴ ስም ከወጣለት ስሙ እስከ ልጅ ልጆቹ ይከተለዋል። አያታቸው አንድ ቀን ከአህያ ስለወደቀ እስከ ዛሬ "እነ ወዳቂ" የሚባሉ ጎረቤቶች አሉን። አያትየው ከሞተ ስልሳ ዓመት ሆኖታል፤ አህያዋም እንዲሁ።

ግሬካ ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው። ሉፐስ የሚባል በሽታ ከያዛት አምስት ዓመት ሆነ። ሉፐስ ማለት የሰውነት ጠባቂዎች ሌባውን ትተው የቤቱን ባለቤት የሚደበድቡበት በሽታ ነው። ልጄ የሠርግ ዳቦ ትሠራለች፤ ሊጡን በትንሽ መቀስ እየቆረጠች ወፍ፣ አበባ፣ የወይን ዘለላ ታወጣበታለች። በሽታው ሲነሳባት ጠዋት ጣቶቿ አይታጠፉም፤ መቀሱን እኔ ነኝ በእጇ ላይ የማስገባላት። በሽታውን ለማስታገስ የምትውጠው ኮርቲዞን ደግሞ ፊቷን ያሳብጠዋል። ጠዋት ከክፍሏ ስትወጣ "እማ፣ ጨረቃ ወጣች!" ትለኛለች፤ ቀድማ ራሷ ላይ የምትቀልደው እኔ እንዳላዝን ነው። እኔም እስቅላታለሁ። ከዚያ ዶሮዎቹን ላያቸው ነው ብዬ እወጣለሁ።

ባለፈው የጸደይ ወራት ዶክተር ኦታቪያ ከካልያሪ ከተማ መጥታ የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ውስጥ ሰበሰበችን። ቀጭን፣ ፀጉሯን በእርሳስ የምትጠቀልል ሴት ናት።

"በእያንዳንዳችን ሰውነት ውስጥ ሃያ ሺህ ያህል ጂኖች አሉ" አለች። "ሃያ ሺህ ዘማሪ ያለው መዘምራን በሉት። ግን ሁሉም ባንድ ጊዜ አይዘምሩም። አንዱ ይጮኻል፣ አንዱ ያንሾካሹካል፣ አንዱ ይተኛል። እኛ ከደማችሁ ውስጥ በዚያች ጠዋት ማን ይዘምር እንደነበር፣ ማን ዝም ብሎ እንደነበር እናነባለን።"

"በሚስቴ ደም ውስጥ ሁሉም ናቸው የሚጮኹት!" አለ ከኋላ ሽማግሌው ፕሪያሞ።

"ባንተ ውስጥ ደግሞ ሁሉም ተኝተዋል፤ እኔ ነኝ ምስክሯ" አለች ሚስቱ፤ አዳራሹ በሳቅ ተናጋ።

ዶክተሯም ስቃ ቀጠለች። ሉፐስ በያዛቸው ሰዎች ደም ውስጥ አንድ ቡድን ዘማሪዎች "እሳት! እሳት!" እያሉ ሌት ተቀን ይጮኻሉ፤ እሳት ግን የለም። ጩኸቱን የሚያበርድ አዲስ መድኃኒት በሙከራ ላይ ነው። ከዚያ በፊት ግን በአንድ ቤት አድገው፣ አንድ ዓይነት ምግብ በልተው፣ አንዱ የታመመበትንና ሌላው ጤነኛ የሆነበትን ምክንያት ማወቅ ይፈልጋሉ። ስለዚህ ከየቤተሰቡ የታመመውም ጤነኛው ወንድም ወይም እህትም ደም መስጠት አለባቸው፤ ጠዋት፣ በአንድ ሰዓት፣ ምንም ሳይቀመስ። ምግብ ከበሉ ወይም ሰዓቱ ካለፈ ዝማሬው ይለወጣልና። ደሙን አሟልቶ የሰጠ ቤተሰብ በሽተኛው ለመድኃኒቱ በመጀመሪያው ዝርዝር ውስጥ ይገባል። ያልተሟላ ቤተሰብ ይወጣል።

ግሬካ ወደ እኔ ዞረች። የለበሰችውን ሹራብ እጅጌ ይዛ ትጎትት ነበር፤ ትንሽ ልጅ ሆና አንድ ነገር በጣም ስትፈልግ የምታደርገው ነው።

ደም የሚሰጥበት ቀን ሰኔ ውስጥ ነበር። ኒኮሎዛ የበረዶ ሣጥኗን ይዛ በአንድ ሰዓት ቤታችን መጣች። ስምና ቁጥር የተለጠፈባቸውን ብልቃጦች ጠረጴዛው ላይ ደረደረች። ግሬካ ሰጥታ ወዲያው ወደ ዳቦ ቤቱ ሮጠች፤ ቅዳሜ ሦስት ሠርግ ነበራት። ከዚያ ሲሲኒዮ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። እጅጌውን ሰበሰበ። ዓይኑን ግድግዳው ላይ ተከለ። ኒኮሎዛ ክንዱን በላስቲክ ስታስር እንደ ስንዴ ጆንያ ተንሸራተተ፤ ወንበሩንም ይዞት ወረደ።

ውሃ ረጨንበት። ነቃ።

"ጨረስሽ?" አላት።

"ኧረ ገና መርፌውን ከወረቀቱ አላወጣሁም!"

"እንግዲያው አሁን አውጪ፤ ተዘጋጅቻለሁ።"

አወጣች። አየው። ደግሞ ወደቀ።

ደሙን ወደ ካልያሪ የሚወስደው መኪና ሁለት ሰዓት ላይ ይነሳል። ሰዓቱን አየሁ። የግሬካን እጅጌ አሰብኩ። ከዚያ ወንበሩን አነሳሁና ተቀመጥኩበት፤ ክንዴንም ዘረጋሁ።

"ከእኔ ውሰጂ" አልኳት።

"አብደሻል እንዴ ቦናሪያ! ብልቃጡ ላይ ያለው የሱ ስም ነው።"

"ታዲያስ? ደሙን ከየት አመጣው? ከእኔ አይደለም እንዴ?"

"ከአባቱም ነው።"

"አባቱ ሞቷል። ቅር ካለው መጥቶ የድርሻውን ይስጥ።"

"እማ ልክ ናት" አለ ሲሲኒዮ ከወለሉ ላይ።

ኒኮሎዛ ወደ ጣሪያው አየች፤ ወደ ሰዓቱ አየች፤ ወደ እኔ አየች። "እግዚአብሔር ይይልሽ" አለችኝና ወጋችኝ። እኔ በዚያች ሰዓት ማታለል መስሎ አልታየኝም። ዘጠኝ ወር በደሜ ያኖርኩት ልጅ ነው፤ የእኔና የእሱ ደም ምን ልዩነት አለው ብዬ ነበር ከልቤ ያመንኩት። ፍርሃቱ የመጣው መኪናው ከሄደ በኋላ ነው። ከዚያች ቀን ጀምሮ ስልክ በጮኸ ቁጥር ከካልያሪ ነው እያልኩ ግሬካን ቀድሜ ለማንሳት እሮጥ ነበር።

መስከረም ላይ፣ በአንድ ሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ስልኩ ሳይሆን በሩ ተንኳኳ። ዶክተር ኦታቪያ ራሷ ነበረች። አስቀመጥኳት፤ ቀዝቃዛ ውሃና በማር የተለወሰ የብርቱካን ልጣጭ አቀረብኩላት። ግሬካ ከሥራ ገና መግባቷ ነበር፤ ክንዶቿ ላይ ዱቄት አለ።

"ልጅዎን ሲሲኒዮን ማየት እችላለሁ?" አለችኝ።

ጠራሁት። ከጓሮ አንገቱን ደፍቶ ገባ፤ እንጨት ሲፈልጥ ስለነበር ጢሙ ላይ ስንጥር አለ። ዶክተሯ ከጫማው እስከ ግንባሩ አየችው፤ ደግሞ ከግንባሩ እስከ ጫማው።

"ሲሲኒዮ የሚባሉት እርስዎ ነዎት?"

"አዎ፣ እኔ ነኝ።"

"አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ እንዳይቀየሙኝ። እርስዎ ሴት ነዎት?"

ግሬካ ሳቋን መያዝ አቅቷት ጠረጴዛው ላይ ተደፋች። ሲሲኒዮ በእጁ ጢሙን ዳሰሰ።

"የጠየቅኩት ለቀልድ አይደለም" አለች ዶክተሯ፤ ከንፈሯ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። "በሴት ሰውነት ውስጥ ብቻ የምትዘምር አንዲት ጂን አለች። ወንድ ውስጥ አፏን አትከፍትም። በእርስዎ ብልቃጥ ውስጥ ግን ጣሪያ እስኪነቀል ስትዘምር አገኘናት። ስህተቱ የእኛ መስሎን ደገምነው፤ ያው ነው። ከእህትዎ ብልቃጥ ጋር ተቀያይሮ ይሆናል አልን፤ አልተቀያየረም። ደሙ የሴት ነው፤ የግሬካ አይደለም፤ ግን የግሬካ የቅርብ ዘመድ ነው።"

ግሬካ ሳቋን አቁማ ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች።

"የእኔ ነው" አልኩ። ሁሉንም ተናገርኩ፤ አወዳደቁን፣ መኪናውን፣ ሰዓቱን። "የሰረቅኩ አልመሰለኝም። ለልጄ ከራሴ የሰጠሁ ነው የመሰለኝ" አልኩ።

"እማ!" አለች ግሬካ። እንዲህ ጮኻብኝ አታውቅም። "የኔ ቦታ ነው እኮ! ሁለታችሁም ተስማምታችሁ የኔን ቦታ ነው የበላችሁት! እኔ በየወሩ ለምርመራ ስወጋ ማን ነው ተክቶኝ የሚወጋው? ማን ነው 'ከእኔ ውሰዱ' የሚለው?"

"ቢሆንልኝ አደርገው ነበር" አልኳት።

"አውቃለሁ! የሚያናድደኝም እሱ ነው!" አለችና አለቀሰች፤ ዱቄቱ ፊቷ ላይ ተለወሰ።

ሲሲኒዮ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ያ ሁሉ ቁመት የሚገባበት ቀዳዳ ቢያገኝ ይገባ ነበር።

ዶክተሯ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። ዝርዝሩ ሐሙስ ይዘጋል አለች። ሐሙስ ጠዋት በሚመጣው መኪና የእውነተኛው ወንድም ደም ከደረሰ፣ እኔና ኒኮሎዛም የሆነውን በጽሑፍ ካመንን፣ እሷ አስረድታ ታስቀጥለናለች። ካልደረሰ ቤተሰባችን ይወጣል፤ የሚቀጥለው ዝርዝር መቼ እንደሚከፈት ማንም አያውቅም።

"ሌላም ነገር አለ" አለች። ወደ እኔ ዞረች፤ ድምፅዋንም ዝቅ አደረገች። "የላኩልን ደም ውስጥ የእሳቱ ጩኸት አለ። ከግሬካ ያነሰ፣ ከጤነኛ ሰው ግን በጣም የበዛ። ሲሲኒዮ ሊታመም ነው ብለን ሁለት ሳምንት ስንጨነቅ ነበር። ደሙ የእርስዎ ከሆነ እንግዲህ ጩኸቱም የእርስዎ ነው።"

እጆቼን አየኋቸው። አምስት ዓመት ሙሉ ስሸሸው የነበረው ጥያቄ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ።

"እንግዲያው ከእኔ ነው የወሰደችው" አልኩ።

"ጥቂት ከእርስዎ፣ ጥቂት ከአባቷ፣ ብዙውን ደግሞ ገና አናውቀውም። ሰው ሆነ ብሎ ለልጁ የሚሰጠው ነገር አይደለም።" ወንበሯን ወደ እኔ አስጠጋች። ጣቶቼን አንድ በአንድ አጠፈቻቸው፤ ጉልበቴን ነካካች፤ ጉንጬን አየች። "ዕድሜዎ ስንት ነው?"

"ስልሳ ሁለት።"

"ስልሳ ሁለት ዓመት 'እሳት!' እየተባለብዎት ጠባቂዎቹ አልነቁም። እነዚህ ጣቶች ሠርተው የደከሙ ናቸው እንጂ የታመሙ አይደሉም። በኋላ በደንብ እንመረምርዎታለን። ግን አያዩም? አንድ ነገር በእርስዎ ውስጥ ጠባቂዎቹን 'ተቀመጡ፣ ምንም የለም' ይላቸዋል። በግሬካ ውስጥ ያ ነገር የለም። እኛ የምንፈልገው እሱን ነው። ከእንግዲህ በራስዎ ስም ደም ይሰጡናል?"

መልስ ከመስጠቴ በፊት ግሬካ በክንዷ ፊቷን ጠረገች።

"እና እማም እንደኔ ጯሂ ናት?" አለች።

"ጯሂ ናት።"

"ይህንን ለማወቅ ላቦራቶሪ ነው ያስፈለጋችሁ?" አለች። መጀመሪያ የሳቀው ሲሲኒዮ ነው፤ ግን ቶሎ አቆመ፤ ግሬካ ጣቷን ቀስራበታለችና። "አንተ አትሳቅ። ቅጣት አለብህ።"

ቅጣቱ ይህ ነበር፦ ማክሰኞ ጠዋት ዳቦ ልትገዛ ለመጣች ሴት ሁሉ ታሪኩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገረች። እኩለ ቀን ሳይሆን መንደሩ ሁሉ ሰማ። ማታ ሲሲኒዮ ወደ ቡና ቤት ሲገባ ባለቤቱ ባንኮኒውን ወልውሎ፣ ጎንበስ ብሎ፣ "ለወይዘሮ ሲሲኒዮ ምን ልቅዳ?" አለው። ፕሪያሞ ተነስቶ ወንበር ሳበለት። "እመቤቴ፣ ይቀመጡ፤ እዚህ ነፋስ አለ" አለው።

እኔ ይህን ስሰማ ልቤ ተሰበረ፤ ስም ወጣለት፣ አበቃለት አልኩ። እሱ ግን ዘና ብሎ ነው ቤት የገባው። "እማ፣ ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ ስሸሸው የነበረው ነገር ደረሰ" አለኝ። "አንድ ብርጭቆ ወይን ጋበዙኝ፤ ሳቁብኝ፤ አለቀ። ለካ ይኸው ነው?" ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ይጥለው የነበረው መርፌው ብቻ አልነበረም፤ ሲወድቅ የሚያየው ሰውም ነበር።

ረቡዕ ዕለት ዶክተሯ ደውላ ለኒኮሎዛ መላ ነገረቻት። ሰው የሚወድቀው ደሙ ወደ እግሩ ሲወርድ ነው፤ እንዲተኛ አድርጊው፣ ጭኑንና ሆዱን አጥብቆ ይወጥር አለቻት።

ሐሙስ በአንድ ሰዓት ፍራሹን ወለሉ ላይ አነጠፍን። "ከዚህ በታች የሚወድቅበት ቦታ የለም" አለች ኒኮሎዛ። ሲሲኒዮ ተጋደመ፤ እግሮቹ ከፍራሹ አልፈው ወጡ። ግሬካ በራስጌው ተቀምጣ በሁለት እጆቿ አገጩን ያዘች። ያን ቀን ጣቶቿ ይታጠፉ ነበር።

"ምንድነው የምወጥረው?" አለ፤ ከንፈሩ ነጥቷል።

"ሁሉንም!" አለች ኒኮሎዛ። "ጭንህን፣ ሆድህን!"

"አሳማ በጉልበቶችህ መሐል ይዘሃል" አለችው ግሬካ። "የነፕሪያሞን ትልቁን። እየተንፈራገጠ ነው። እንዳያመልጥህ!"

"የቱን? ጆሮ ቆራጣውን?"

"እሱን! ያዘው!"

"ያዝኩት!"

"ላላ አለብህ፣ ሊሄድ ነው!"

"አይሄድም! አልኩሽ አይሄድም!" ጮኸ፤ አንገቱ ቀልቶ ሥሮቹ ተገታተሩ። ኒኮሎዛ ያን የመሰለ ሥር በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም ትላለች። መርፌው ገባ፤ ብልቃጡ ሞላ፤ መርፌው ወጣ። እሱ ገና አሳማውን እንደያዘ ነው።

"ልቀቀው፤ ሞቷል" አለችው ግሬካ፤ ግንባሩንም ሳመችው።

ከዚያ ተራው የእኔ ሆነ። ኒኮሎዛ በስሜ የተዘጋጀውን ብልቃጥና ሁለት ገጽ የፈቃድ ወረቀት አወጣች። በሰኔ ወር ለሲሲኒዮና ለግሬካ የመጣውን ወረቀት እሷ ናት በሩጫ ያነበበችልን፤ አሁንም ልታነብልኝ ተነሳች። ወረቀቱን ከእጇ ወሰድኩት። በማታ ትምህርት ሁለተኛ ዓመቴ ነው፤ መምህራችን የማይገባችሁ ነገር ላይ አትፈርሙ ትለናለች።

"ቦናሪያ፣ መኪናው!" አለች ኒኮሎዛ።

"ሃምሳ ደቂቃ አለ።"

በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ። ደሜ ለምን እንደሚፈለግ ይላል። በማንኛውም ጊዜ ይብቃኝ ማለት እንደምችል ይላል። ከደሜ የሚነበበው ነገር ያለ ስሜ፣ በቁጥር ብቻ እንደሚቀመጥ ይላል። ሁለት ቦታ ላይ ቆምኩ፤ ኒኮሎዛ አስረዳችኝ። "ደም ሰጪው እኔ ራሴ መሆኔን አረጋግጣለሁ" የሚለው ላይ ስደርስ ፊቴ ጋለ። እሱን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ፈረምኩና ክንዴን ዘረጋሁ።

መኪናው ደሙንና እኔና ኒኮሎዛ የሆነውን አምነን የጻፍነውን ደብዳቤ ይዞ ሲሄድ፣ እስከዚያ ምንም ስላልቀመስን ገበታ ዘረጋን። ሲሲኒዮ ግማሽ አይብ ብቻውን ጨረሰ። ክንዱ ላይ የተለጠፈችውን ጥጥ ሊያሳይ እጅጌውን እንደሰበሰበ ወደ መንገድ ወጣ፤ ከመስኮቱ "ይኸው! ይኸው!" ሲል ይሰማናል። እኔ ቁራሽ ዳቦ አፌ ውስጥ እያገላበጥኩ ስልኩን አያለሁ። ቢደፋስ? መኪናው ቢበላሽስ? በረዶው ቢቀልጥስ?

"እማ፣ ስልኩን በዓይንሽ ልትበዪው ነው" አለችኝ ግሬካ። እሷም ግን ዳቦ ቤት አልሄደችም።

ስልኩ የጮኸው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ግሬካ አነሳች። "እሺ" አለች። "እሺ፣ ዶክተር" አለች። ጀርባዋን ሰጥታኝ ስለነበር ፊቷ አይታየኝም፤ የሹራቧን እጅጌ ግን አየሁት፤ እየጎተተችው አልነበረም። ስልኩን ዘግታ ዞረች።

"ደብዳቤሽን አንብበውታል። 'ይህ ቤተሰብ የተሟላ ነው፤ እንዲያውም አንድ ሰው ትርፍ አለው' አሉ" አለችኝ። "ገባን።"

"የት?" አልኩ።

"የት ይሆናል? ዝርዝሩ ውስጥ! ገባን፣ እማ።"

ሰምቻት ነበር። በመጀመሪያውም ሰምቻት ነበር።

"በይ እስቲ አንዴ ድገሚልኝ" አልኳት።